ከሞጣ የመጣው ማጉያ

ሀብትነሽ የመሪጌታ ወልደ ኪዳን ልጅ ናት፤ ቢቸና ተወልዳ ቢቸና ያደገች። ገና ድክ ድክ ስትል ኩፍኝ ያዛትና ነፍሷ ብትተርፍም ቀኝ ጆሮዋ ጨርሶ ደነቆረ። ግራውም ቢሆን ፊት ለፊት ቆሞ ጮክ ያላለን ሰው አይሰማም። አባቷ የዜማ መምህር ናቸውና ነገሩ አንጀታቸውን በላው። ልጃቸው አጠገብ ሲሆኑ ድምፃቸውን አውጥተው ማዜም ይከብዳቸው ነበር።

እሷ ግን የራሷን መንገድ አገኘች። በበዓል ቀን ጀርባዋን ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ትለጥፍና ከበሮው ሲመታ በአጥንቷ ትቀበለዋለች። ዜማውን ባትሰማም ምቱ የት ላይ እንደሚያርፍ ታውቃለች። ቤት ውስጥም እንደዚያው ነው። እናቷ ከኋላዋ ስትመጣ በባዶ እግሯ ከመሬቱ ትሰማታለች፤ መኪና በመንገድ ሲያልፍ የበሩን መቃን በእጇ ይዛ ባዶ ይሁን ጭነት ያለው ትለያለች። ጎረቤቶቿ ይህን ሲያዩ አንዳንዱ ተሰጥኦ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ፊቱን ያማትባል።

ካደገች በኋላ በከተማው ጤና ጣቢያ ልብስ አጣቢ ሆና ተቀጠረች። ደርግ በየአውራጃው የኪነት ቡድን ይቋቋም ባለ ጊዜ ቀበሌው ወጣቱን ሁሉ ሲመዘግብ እሷም ተመዘገበች። መጀመሪያ ከተቀባይ ዘፋኞች ጋር አቆሟት፤ ከቅኝት እየወጣች አስቸገረችና ዕቃ እንድትጠብቅ ወደ ጓዳ ተላከች። እዚያ ጓዳ ውስጥ ከነማኅደሩ የተጋደመ ቤዝ ጊታር ነበር። ወንዶቹ የሚጮኸውን ጊታርና ድራሙን ሲሻሙ ይህን ባለ አራት ክር የፈለገው ሰው አልነበረም። ሀብትነሽ አወጣችው፣ ሆዷ ላይ አስደገፈችውና ወፍራሙን ክር ሳብ አድርጋ ለቀቀችው። ንዝረቱ ጎድኗ ውስጥ ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጊታሩን ከእጇ የወሰደ የለም። ስትቃኝ የአንገቱን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ነው። ሰዎች ሳቁባት፣ ከዚያ ለመዱት፣ በመጨረሻም የቡድኑ ኃላፊ ገላው ሳይቀር ቅኝቱ ሲያጠራጥረው ወደ እሷ ዞር ብሎ ፊቷን ያይ ጀመር። ገላው የሂሳብ አስተማሪ ነው፤ አኮርዲዮን ይጫወታል፤ ቁጡ ቢሆንም ክፉ አልነበረም።

በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ወደ ገጠር ሲወርድ ቡድኑም አብሮ እንዲወርድ ታዘዘ። በየገበሬ ማኅበሩ መብራት የለም። ቡድኑ የሚጠቀምበት ጄኔሬተር ደግሞ ለሌላ ሥራ ተወስዷል። ዋሽንቱም አኮርዲዮኑም ያለ መብራት ይሠራሉ፤ ቤዝ ጊታር ግን ያለ ማጉያ እንጨት ላይ የተወጠረ ሽቦ ነው። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራና በቅሎ ሊሸከመው የሚችል አምፕሊፋየር ተፈልጎ እንዲመጣ ተወሰነ። ቢቸና ላይ ታጣ። ሞጣ ውስጥ ዳምጤ የሚባሉ ራዲዮ ጠጋኝ አሉ ተባለና ገላውና ሀብትነሽ ከበቅሎ ጫኞቹና ከቀሩት ጋር እዚያው ለመገናኘት ተቀጣጥረው በጭነት መኪና ቀድመው ሄዱ።

ሞጣ ሲገቡ ረፋድ ነበር። ክረምቱ እየመጣ ስለነበር ጉሙ ከተማው ላይ ወርዶ ከቤተ ክርስቲያኑም ከመስጊዱም የሚታየው ጫፋቸው ብቻ ነው። የጋሽ ዳምጤ ሱቅ ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ናት፤ ግድግዳው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ራዲዮኖች ተደርድረዋል። ሰውየው ሸምግለዋል፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ ነው። የመጡበትን ሲሰሙ ሦስት ዕቃ ከየጥጉ አወጡላቸው።

አንደኛው ቀበሌዎች ስብሰባ የሚጠሩበት ዓይነት ባለ ቀንድ ማጉያ ነው። ሀብትነሽ ሰካችውና አንድ ጊዜ ነካችው፤ ለሰው ድምፅ እንጂ ለወፍራም ክር የተሠራ አልነበረም፣ እንደ ዳክዬ ጮኸ። ወዲያው ተመለሰ። ሁለተኛው ትንሽ፣ ግራጫ፣ ባለ እጀታ የቆርቆሮ ሣጥን ነው። በትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ አንድ ሰው በአንድ እጁ አንጠልጥሎት ይሄዳል። ቀጭኑን ክር ጥርት አድርጎ ያወጣዋል። ወደ ወፍራሙ ስትወርድ ግን ስፒከሩ መዳፍ የምታህል ናትና ወረቀቷ ተንቀጠቀጠ፣ ድምፁም ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ዝንብ ሆነ። ድምፁን ስትቀንሰው ይስተካከላል፤ ከቀነሰችው ደግሞ ከሱቁ ደጃፍ አያልፍም።

ሦስተኛው በጥቁር ሌዘር የተለበጠ የእንጨት ሣጥን ነው። ወገብ ድረስ ይደርሳል፤ ስፒከሩ የእንጀራ ሰፌድ ሊያህል ምንም አልቀረው፣ ጀርባው በሳንቃ ድፍን ተደርጎ ተመቷል። የሚሠራው በመኪና ባትሪ ነው። ሀብትነሽ ወፍራሙን ክር ስትነካው የሱቁ መሬት በእግሮቿ ውስጥ ወጣ፣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብሎኖች ዘለሉ። በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምታ አታውቅም። ሰማሁ ብላ አፏን ሞልታ ልትናገር የምትችለው የመጀመሪያው ድምፅ እሱ ነበር።

ገላው አልወደደውም። ክብደቱን በሁለት እጁ ሞከረና ትንፋሹን ሰበሰበ። የመኪና ባትሪ አሲዱ ቢፈስ የበቅሎውን ጀርባ ይልጠዋል፤ ሲያልቅ የሚሞላው ሞጣ ወይም ቢቸና ብቻ ነው፤ የባትሪ ድንጋይ ግን በየገበያው ይገኛል አለ። ትክክል ነበር፤ ሀብትነሽም ያለውን ሁሉ ከከንፈሩ አንብባ ራሷን ነቀነቀች። እስቲ አስቢበት ብሏት የበቅሎውን ነገር ለማጣራት ወጣ።

እሷ የጊታሩን ገመድ ከትልቁ ሣጥን ነቀለች። ለመነሣት ስትል እጇን ሣጥኑ ላይ አሳረፈች።

ሣጥኑ ይመታ ነበር።

ሁለት ቀስ ያሉ ምቶች፣ ወዲያው ሁለት ፈጠን ያሉ፣ ከዚያ ዝም። ዝምታው ግን ያለቀ ነገር ዝምታ አይደለም፤ አንድ ሰው ጠርቶ መልስ ሲጠብቅ የሚለውን ዝምታ ነው የሚመስለው። ከዚያ እንደገና ሁለት ቀስ፣ ሁለት ፈጠን፣ ዝም። ሀብትነሽ ገመዱን አየችው፤ ተነቅሎ መሬት ላይ ተጋድሟል። ቀና ብላ ጋሽ ዳምጤን አየቻቸው። ሽማግሌው ፊቷን እያዩ ነበር። ጎንበስ አሉና ሣጥኑን ከባትሪው ለያዩት። እጇን አላነሣችም። ምቱ አልቆመም።

“እርስዎም ይንኩት” አለቻቸው።

ጋሽ ዳምጤ እጃቸውን አልዘረጉም። በሩን ገርበብ አድርገው ተመለሱና ከንፈራቸው በደንብ እንዲታያት ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አሉ።

“ትንሿን ውሰጂ፣ ልጄ” አሉ።

ለምን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። መጀመሪያ መልስ ሊሰጧት አልፈለጉም። ቆይተው ግን ነገሯት። ሣጥኑን ከሳቸው ጋር ሆኖ የሠራው ሣህለ ማርያም የሚባል የሞጣ ልጅ ነው። የሞጣ ኪነት ቤዝ ተጫዋች ነበር። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በዚያ ክፉ ጊዜ፣ በጠራራ ፀሐይ ከመድረክ ላይ ጠርተው ወሰዱት። ጊታሩን እንኳ ከትከሻው ያወለቀለት ሌላ ሰው ነው። ሣጥኑ እንደተከፈተ ቀረ፤ ማንም ሊያጠፋው ስላልደፈረ ባትሪው ራሱ ነው ሞቶ ያጠፋው። እናቱ አመተ ሥላሴ ልጃቸውን ሲጠይቁ ወደ አዲስ አበባ ተልኳል ተባሉ። ከዚያ ወዲህ የሰማ የለም። ጋሽ ዳምጤ ሣጥኑን ለሁለት ሰዎች ሰጥተው ሁለቱም ምክንያቱን ሳይናገሩ መልሰውላቸዋል።

ሀብትነሽ ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ ትንሿን ትመርጣለች ብለው ነበር የነገሯት። እሷ ግን ትልቁን አለች። ለምን እንዳለች ኋላ ላይ ለእህቷ ስታስረዳ፣ ፈርታ እንደነበር አልደበቀችም። ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው ሲያነጋግራት ሌላ ሰው በመሃል ገብቶ እየጮኸ ያስረዳት ነበር። ያ ነገር ግን እሷ በምትሰማበት በኩል፣ ማንም ሳያስተረጉምላት፣ በቀጥታ እሷን ነበር የሚያናግረው። ትታው ብትሄድ ደጅ የቆመ ሰው ላይ በር እንደመዝጋት መሰላት።

ገላው ሲመለስ ለሕዝብ ብዛት ትልቁ እንደሚሻል ነገረችው። ብዙ ተከራከረ፤ በመጨረሻ ለአንድ ዙር ይሞከር፣ ካስቸገረ ይመለሳል ብሎ ተስማማ። ሣጥኑ በበቅሎዋ በአንድ ጎን፣ ባትሪው በጭድ ተሸፍኖ በሌላው ጎን ተጫነ።

ከሞጣ ወጥተው በየገበሬ ማኅበሩ ዞሩ። ሀብትነሽ ከበቅሎዋ ጎን እጇን ሣጥኑ ላይ አድርጋ ነበር የምትሄደው። ምቱ አንዳንድ ቦታ ይደክማል፤ ወደ ቆላው በኩል ሲወርዱ እንደ ሕመምተኛ የልብ ትርታ ይሆንና ሊጠፋ ይደርሳል። ፊታቸውን ወደ ሞጣ መለስ ሲያደርጉ ደግሞ ይበረታል። አንድ ቀን ብቻዋን ስትሆን፣ ዝም በሚልበት ላይ በጣቷ አንድ ጊዜ መታ አድርጋ መለሰችለት። ሣጥኑ ለአፍታ ቆመ፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። የሚጠብቀው እሷን አልነበረም።

ትርኢቱ ግን ሰመረ። ሕዝቡ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም፤ መሬቱ ራሱ ዘፈነ አሉ። አንድ ቦታ፣ በወንዝ ዳር ሜዳ ላይ፣ ዘፋኟ ብቻዋን የምታዜምበት ክፍል ደረሰና ሀብትነሽ እንደ ልማዷ እጇን ከክሩ ላይ አነሣች። እዚያ ላይ ቤዝ ዝም ነው የሚለው። ቀና ስትል ግን የቡድኑ ጨፋሪዎች አላቆሙም። ትከሻቸው እኩል ይወርዳል፤ ሁለት ቀስ፣ ሁለት ፈጠን፣ ከዚያ ሁሉም ትከሻቸውን ሰቅለው እንደ ደረቀ ነገር ቀጥ ይላሉ። ፊታቸው ላይ ደስታ የለም። አንድ ሽማግሌ ተመልካች ኮፍያቸውን አወለቁ። ሀብትነሽ ሁለት እጆቿን ከጊታሩ ላይ አራቀቻቸው፤ ምቱ ግን በእግሯ በኩል እየመጣ ነው።

ሲጨርሱ ገላው ላቡን እየጠረገ መጣ። “መሃል ላይ ያስገባሻት ነገር ጥሩ ናት” አላት። “ግን አንዲት ምት ጎደለችው። ለምን ተውሻት?”

ገመዱን ጠቅልላ ወደ በቅሎዋ ሄደች።

ዙሩ አልቆ ወደ ሞጣ ሲመለሱ እኩለ ቀን ላይ ጉም ጣለ። ከከተማው በታች፣ ለመንገድ ሥራ ገረጋንቲ ሲወጣበት የኖረ ጉድጓድ አለ፤ ዙሪያውን ባሕር ዛፍ በቅሎበታል። የቀሩት ርቧቸው ቀድመው ሄደዋል። ሀብትነሽ የበቅሎዋን ልጓም ይዛ ከኋላ ቀረች። ባሕር ዛፉ ጋ ስትደርስ እጇ ሥር ያለው ምት እየፈጠነ መጣ፤ አሁን መጠበቁንም ትቶታል፣ በላይ በላዩ ይደበድባል። በቅሎዋ ቆመች። ጎተተቻት፣ አልሄድም አለች። ጆሮዎቿን ወደ ጉድጓዱ ቀስራ፣ ላብ አጥምቋት ትንቀጠቀጣለች።

ሀብትነሽ ጭነቱ በዝቶባት እንደሆነ ብላ ሣጥኑን ፈታ መሬት ላይ አወረደችው። ሣጥኑ መሬት ሲነካ ምቱ ቀጥ አለ። እጇን በየጎኑ አዟዙራ ዳሰሰችው። እንጨት ብቻ ሆኗል። ሰው ቤቱ ሲደርስ የሚሸከመውን ጥሎ እንደሚገባ፣ ውስጡ የነበረው ነገር ወጥቶ ሄዷል።

ያን ጊዜ ነው ከእግሯ ሥር የሰማችው። ጫማዋን አወለቀች። መጀመሪያ የሱን ለየችው፤ ሁለት ቀስ፣ ሁለት ፈጠን። ከሱ አጠገብ ሌላ ነበር፣ ሦስት እኩል እኩል። ከዚያ ወዲያ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም። ሌላም። ሌላም። አንዱ ካንዱ ጋር አይገጥምም፤ ሁሉም በየራሱ ይመታል፣ ሁሉም መትቶ ዝም ይላል፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ጉሙ ዛፎቹን ውጦ ከፊቷ የሚታየው እርጥብ ቀይ አፈር ብቻ ነበር። ሣጥኑን እንዴት መልሳ እንደጫነችው አታስታውስም። ጫማዋን እዚያው ረስታ ሞጣ የገባችው በባዶ እግሯ ነው።

በማግሥቱ የአመተ ሥላሴን ቤት ጠይቃ ሄደች። ምን ብላ እንደምትጀምር አታውቅም ነበር። ሴትዮዋ ቀጭን ናቸው፤ ጥጥ እየፈተሉ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከቢቸና የመጣች እንግዳ ነኝ ብትላቸው አስገቧት። የልጃቸውን ነገር ስታነሣ ፊታቸው ሳይለወጥ፣ ልጄ አዲስ አበባ ነው፣ እንደዚያ ብለውኛል አሉ። ይህን ሲሉ ማንም ቢጠይቃቸው የሚመልሱት መልስ እንደሆነ ገባት። በዚያን ጊዜ ልጁ የተገደለበት ሰው ማልቀስም፣ ተስካር ማውጣትም አይፈቀድለትም፤ ማን እንደላካትም ሴትዮዋ አያውቁም።

ሀብትነሽ መናገሩን ተወችው። እጃቸውን እንዲሰጧት ለመነቻቸውና መዳፋቸው ላይ በጣቷ መታችላቸው። ሁለት ቀስ፣ ሁለት ፈጠን።

አመተ ሥላሴ እጃቸውን አልሳቡም። ዓይናቸው ጣቷ ላይ ነበር። “እንደገና” አሉ። እንደገና መታችላቸው። ያን ጊዜ ግራ እጃቸው ከጭናቸው ላይ ተነሣና በጉልበታቸው ላይ አንድ ጊዜ፣ ጠንከር አድርጎ፣ መታ። ሀብትነሽ ያን ጊዜ የጎደለችው ምት የማን እንደነበረች አወቀች።

ቀስ ብለው አስረዷት። ሰዓት እላፊ በነበረበት፣ አሳሾች በየቤቱ በሚገቡበት ጊዜ፣ ሰው ደጅ ቆሞ እገሌ ነኝ ብሎ አይጣራም ነበር። ጎረቤት ይሰማል። ስለዚህ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ የራሱ ማንኳኳት ነበረው። ልጃቸው አራቱን ይመታል፤ እሳቸው ብቻቸውን ከሆኑና ቤቱ ሰላም ከሆነ አንዷን ከውስጥ ይመልሳሉ። ካልመለሱ አይገባም፤ ዞሮ ይሄዳል።

“ደጅ ቆሞብኝ ኖሯላ” አሉ። “ይህን ሁሉ ጊዜ።”

ሀብትነሽ አብራቸው አለቀሰች። ማልቀስ የተከለከለ ነውና ድምፅ አላወጡም፤ ለእሷ ደግሞ ድምፅ ቢኖረውም ባይኖረውም አንድ ነው።

ምቱን የት እንደሰማችው ነገረቻቸውና ከሰዓት በኋላ ጭራሮ ለቃሚ መስለው ሁለቱ ወደ ባሕር ዛፉ ወረዱ። ጉሙ አልተነሣም። መንገዱ ላይ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። አመተ ሥላሴ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተንበረከኩ፤ ለቅሶ አላሰሙም፣ ስም አልጠሩም። ከለቀሙት እንጨት አንዱን መዘው መሬቱን አንድ ጊዜ መቱት።

ሀብትነሽ በባዶ እግሯ አጠገባቸው ቆማለች። የሣህለ ማርያም ምት በዚያች ቅጽበት ቆመ። ለጥቂት ጊዜ መሬቱ ሁሉ ጸጥ አለ። ከዚያ የቀሩት ጀመሩ። ቀድሞ ከምታውቀው ይበረታሉ፤ መልስ የሚሰጥ ሰው መጣ ብለው እንደሆነ እንጃ፣ ከየአቅጣጫው፣ ከሥርም ከጎንም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያንኳኳሉ። አመተ ሥላሴ ምንም አልሰሙም፤ ፊታቸው የዕረፍት ፊት ነበር፤ ነይ ልጄ እንሂድ እያሉ ይጎትቷታል። እሷ ግን መሄድ አልቻለችም። የማን እናት የት እንዳለች አታውቅ፤ የሰው በር የሰው ነው፣ ብትመልስላቸው ማታለል ይሆናል። ማድረግ የምትችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ በአንድ ለይታ መያዝ። ብርዱ አጥንቷ እስኪገባ ድረስ እዚያ ቆማ፣ እያንዳንዱን ምት በጭኗ ላይ በጣቷ እየደጋገመች አጠናችው። አባቷ ለተማሪዎቻቸው ዜማ የሚያስጠኑት እንደዚያ ነበር።

ለገላው ትልቁ ሣጥን ከብዷል፣ እውነትህን ነው አለችው። እሱም ያሰበው ነው፤ አሲዱ አንዱን የጭነት ብርድ ልብስ በልቶት ነበር። ጋሽ ዳምጤ ሣጥኑን ሲቀበሉ እጃቸውን ላዩ ላይ አሳረፉና ቆዩ። ትንሿን ግራጫ አምፕሊፋየር ይዛ ወደ ቢቸና ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ቡድኑ እስኪፈርስ ድረስ የተጫወተችው በትንሿ ነው። ወፍራሙን ክር ሳትጫን፣ ድምፁን ቀንሳ። ሰው የድሮው ማጉያ ይሻል ነበር ይላል፤ እሷ አትከራከርም። ልምምድ ሳይጀመር ቀድማ ትመጣና ያጠናቻቸውን ምቶች አንድ በአንድ በክሩ ላይ ታልፍባቸዋለች፤ እንዳይጠፉባት። በዚያች ሣጥን ውስጥ የዝንብ ድምፅ ያህል ስለሆኑ ምንድን ነው ብሎ የጠየቃት የለም። አግብታ ወልዳለች። ልጆቿ በር ሲያንኳኩ እጃቸውን ትይዛለች፤ ግቡ እንጂ አታንኳኩ ትላቸዋለች።

በሰማንያ ሦስት ደርግ ወደቀ። ጉድጓዱ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ሀብትነሽ ወሬውን ስትሰማ ከቢቸና ተሳፍራ ሄደች። ከየአካባቢው ብዙ ሴቶች መጥተው ነበር፤ የወጣው አጥንት አንዱ ካንዱ ተደባልቆ የማን የማን እንደሆነ የሚለይ አልተገኘም። አንዳንዷ በቀበቶ ብረት፣ አንዳንዷ በሸሚዝ ቁልፍ የራሷን ትፈልጋለች። አመተ ሥላሴ በሕይወት አልነበሩም። ሀብትነሽ ከሴቶቹ መሃል ገብታ ተቀመጠች። አጠገቧ ያለችውን ሴት እጅ ያዘችና፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጅሽ በር ሲመታ እንዴት ነበር አለቻት። ሴትዮዋ እንደ እብድ አየቻት። ከዚያ ግን፣ ለምን እንደሆነ እሷም ሳታውቅ፣ በሀብትነሽ ክንድ ላይ ሦስት እኩል እኩል መታች።

“እዚህ አለ” አለቻት ሀብትነሽ።

ወሬው ከሴት ወደ ሴት ሄደ። ያመኑም ያላመኑም እየመጡ ክንዷ ላይ መቱ። የአንዳንዶቹን አወቀችው። የአንዳንዶቹ እሷ ከያዘቻቸው አንዱንም አይመስልም፤ ለነዚያ የለም ማለት ከበዳትና እኔ አልሰማሁትም አለቻቸው። እነሱ ከሁሉ ይልቅ አለቀሱ፤ ተስፋ ይሁን ሌላ፣ ለይታ መናገር አትችልም።

ካጠናቻቸው መሃል ጠያቂ ያልመጣላቸው ዛሬም አሉ። ቢቸና ውስጥ ከገበያው በላይ ያለውን ቤቷን ጠይቀው የሚመጡ ሴቶች አሁንም አልፎ አልፎ አይጠፉም፤ አርጅተዋል፣ አንዳንዶቹን የልጅ ልጅ ነው የሚመራቸው። ደጃፏ ላይ ደርሰው ቤቶች ብለው ይጣራሉ። አትሰማቸውም፤ ግን መሬቱ ይነግራታልና ወጥታ ትቀበላቸዋለች። አስገብታ ውኃ ታጠጣቸዋለች፤ እንዴት እንደመጡ፣ መንገዱ እንዴት እንደነበር ትጠይቃቸዋለች። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ትዘረጋላቸዋለች።

አንዳንዶቹ ረስተውታል። እጃቸውን አንሥተው ይቆያሉ፣ ሁለቴ ይጀምሩና ይተዉታል። ሀብትነሽ አታጣድፋቸውም፤ ምሳ አቅርባ አብራቸው ትበላለች።